ለአባቴ ብቻ

ሮተርዳም፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ፣ ለሒክማ አብዱልባሲጥ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሰላም በጤና ያቆይሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከዝናቡና ከነፋሱ በቀር የሚያማርረኝ የለም። አባትሽን፣ እናትሽን፣ ጎረቤቱንም ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

ልጄ፣ በመስከረም መጨረሻ የላክሁልሽን ፋይል እንደ አደራዬ ሳታነቢ አትመሽ፣ ፖስታውን አሽገሽ፣ «ለአባቴ ብቻ» ብለሽ ጽፈሽበት እንደሰጠሽልኝ ነግረሽኝ ነበር። አላህ ይስጥሽ። ይኸው ኅዳር ገባ፣ መልስ ግን የለም። በየጁምዓው ስደውል አባቴ ስለ ማክሰኝት የጤፍ ዋጋ፣ ስለ መስጊዱ ጣሪያ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ ያጫውቱኛል። ስለ ደብዳቤው አንዲት ቃል አይወጣቸውም። እኔም አልጠይቅም። ስልኩ ምንጊዜም በላውድ ስፒከር ነው፤ ሳሎኑ ሙሉ ሰው አብሮ ይሰማኛል። ብቻቸውን ቢሆኑስ? እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ ለአባቱ በአፉ ሲናገር በቤታችን ታይቶ አያውቅም። የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

አንቺ እዚያው ነሽ፤ ፊታቸውን ታያለሽ። ተቆጥተው ነው? ወይስ ገና አላነበቡትም? ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። እኔን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር።

የፒያሳዋ ሱቅሽ እንዴት ናት? ኮምፒውተር ከመጠገን ኮድ ወደ መጻፍ ዞርሽ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከእኛ ቤት አንድ እብድ ይበቃል ብለው ነበር፤ ሁለት ሆንን።

አጎትሽ አብዱልመናን


ጎንደር፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለአብዱልመናን ዐብዱረሕማን፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ሩቅያ ካለፉ ወዲህ ያለ ሰው መቅረትዎ ሁላችንንም ያሳስበናል። አላህ በረከቱን ያብዛልዎ፣ ደጅዎን ሰው አያሳጣው። ደብዳቤዎን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ኔት እንደ እንግዳ ሆኗል፤ ሲመጣ ደስ ይለናል፣ መቼ እንደሚሄድ አይነግረንም።

አባባ ሐጂ ደህና ናቸው። ፖስታውን በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውት ይዞራሉ። ሲተኙ ትራሳቸው ሥር ያደርጉታል፣ ሲወጡ መልሰው ይከቱታል። ቁጣ አላየሁባቸውም። ከዙህር በኋላ እንደ ልማዳቸው ከሩቅያ አባት ጋር አጥሩ ጥግ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

አሁን እኔ እርዳታዎን ልጠይቅ። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ለመመረቂያ የሠሩትን፣ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነበውን ፕሮግራም ያስታውሱታል? ሲዲውን ከአባባ ሐጂ ቁምሳጥን አገኘሁት። በእርስዎ እጅ «አንባቢ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማየት ለማይችሉ አንድ ሰው እፈልገዋለሁ። ኔት ላይ ያሉት አንባቢዎች ጽሑፉን ባሕር ማዶ ልከው ነው የሚያስነብቡት፤ ሰውየው ደግሞ «የእኔ ነገር በሰው አገር አይዞርም» ብለዋል። ያለ ኔት የሚሠራ፣ በነጻ የሚገኝ አንድ ነበርና አሰማኋቸው። ትንሽ አዳምጠው «ይኼ ሰው ጉንፋን ይዞታል?» አሉኝ። ሌላ አልፈለጉም።

ችግሬ ይኼ ነው። እኔ የምጽፈው በፓይተን ነው፤ የእርስዎ ሥራ ደግሞ በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። የጻፉት ኮድ ሲዲው ላይ የለም፤ ያለው ተጠናቆ የተዘጋው ፋይል ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በደንቡ መዘገብኩት። ከፓይተን ስጠራው ግን «እንዲህ ያለ ነገር አልተመዘገበም» ይለኛል። ሦስት ጊዜ ደግሜ መዘገብኩ፤ ሦስት ጊዜ ካደኝ። ምን ላድርግ?

የወንድምዎ ልጅ ሒክማ


ሮተርዳም፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለሒክማ፣

ሰላምና በረካ ከአንቺ አይራቅ። ደብዳቤሽን ሳነብ በቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አንባቢ ገና በሕይወት አለ! እዚህ ወደብ ላይ የመርከብ ጭነት ፕሮግራም ስመራ እውላለሁ እንጂ እጄ ኮድ ከነካ ቆይቷል። አሁን ስብሰባ ነው እንጀራዬ።

መጀመሪያ «አልተመዘገበም» ስለሚልሽ። አንባቢ የሠላሳ ሁለት ቢት ዘመን ሰው ነው። ያንቺ ፓይተን ስድሳ አራት ነው። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም፤ መዝገባቸውም ለየቅል ነው። የመዘገብሽው በአንዱ፣ የምትፈልጊው በሌላው ነው። ሠላሳ ሁለት ቢቱን ፓይተን ጫኚና ሞክሪ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ይገጥምሻል። አንባቢ የተዘጋ ቤት ነው፤ ውስጡን አያሳይም። ወደ ውጭ የሚያሳየው ኢንተርፌሱን ብቻ ነው። የባንክ መስኮቶችን አስቢያቸው። በአንዱ ገንዘብ ታስገቢያለሽ፣ በአንዱ ታወጫለሽ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለውን ግን አታይም። ታዲያ ሲ ፕላስ ፕላስ ለመስኮቶቹ ስም አይለጥፍም፤ በተራቸው ነው የሚያውቃቸው። ፓይተን ደግሞ ሁሉንም በስም ካልጠራ አይሆንለትም። ስለዚህ የትኛው ስም ስንተኛው መስኮት እንደሆነ ለፓይተን የምታስረጂው አንቺ ነሽ። እንደማስታውሰው መጀመሪያ «ጽሑፉን ተቀበል» ነው፣ ቀጥሎ «ፍጥነት»፣ ከዚያ «አንብብ»፣ መጨረሻ «ዝም በል»።

ድምፁ የእኔ መሆኑን ታውቂያለሽ? ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎዳናው እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በየተራ ቀዳሁት። እናቴ ጦይባ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በሩን ከፍታ «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ሰው አለብህ?» አለችኝ።

ስለ አባቴ የጻፍሽልኝ አልገባኝም። ያነበበው ሰው ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ለምን ይዞራል? ያላነበበውስ ምን ይጠብቃል? አላስጨንቅሽም። ብቻ ሰምተሽ እንዳልሰማሽ አትሁኚብኝ።

አጎትሽ አብዱልመናን


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ በያሉበት ይድረስዎ። አላህ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። አባቴም ሰላም ይላል፤ «ስብሰባ እንጀራ ከሆነ እኔም ፕሮፌሰር ነኝ በይው» ብሏል።

ሠላሳ ሁለት ቢቱን ፓይተን ጫንኩ፤ አንባቢ ተገኘ። ስጠራው አቤት አለ። ከዚያ በነገሩኝ ተራ «ጽሑፉን ተቀበል» ስለው ዝም። «ፍጥነት» ስለው ዝም። «አንብብ» ስለው ጭራሽ ጠፋ። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተናደድኩ። ኋላ ነው የገባኝ። እርስዎ ለራስዎ የታወቀ ስለሆነ ያልነገሩኝ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ከፊት ሦስት የጋራ መስኮቶች አሉት። በአንዱ «ምን ምን ታውቃለህ?» ይባላል፣ በሁለተኛው «ያዝኩህ»፣ በሦስተኛው «ለቀቅሁህ»። የእርስዎ መስኮቶች የሚጀምሩት ከአራተኛው ነው። እኔ «አንብብ» ብዬ የማንኳኳው ሦስተኛውን ነበር። ሥራ አዘዝኩት ስል አሰናብቼው ኖሯል! ምስኪን፣ ምን ያድርግ?

ካስተካከልኩት በኋላ አነበበ። ማየት የተሳናቸውን ተማሪዎች የሚያስተምር ክንዱ የሚባል የደባርቅ ሰው አለ፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። የጆሮ ማዳመጫ ያዋሰኝ እሱ ነው። ጠርቼ አሰማሁት። ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና «ሸጋ ነው። ግን ይኼ ልጅ የሚያነበው ለሰው ነው ወይስ ለሰልፍ?» አለኝ። «ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ይቅር ይባላል» አለ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። አንባቢ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አጣፍጦ ያነባል፤ ሁለተኛውን ሲጀምር ፕሮግራሙ በሙሉ ይወድቃል። ጽሑፉን ብቀያይርም ያው ነው። አንድ ይላል፣ ሁለት ላይ ይሞታል። የሚያስታውሱት ነገር ካለ እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። የሚጠብቁት ሰው እየተጨነቁ ነው።

ስለ ፖስታው አሁንም አይጠይቁኝ፤ በአላህ።

ሒክማ


ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሒክማ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ባለፈው ጁምዓ ደፈርኩና ሳሎን ሙሉ ሰው እየሰማ አባቴን «ደብዳቤዬ ደረሰዎት?» አልኳቸው። «ደርሷል፤ ነገር በጥሞና ነው» አሉኝና ወደ ቀይ ሽንኩርት ዋጋ ዞሩ። ገባኝ። በቤታችን የአባት ዝምታ እንቢታ ነው። አያቴ እንዲያ ነበሩ፤ አባቴም ሱቁን ልሽጥ ያለውን አባትሽን አንድ ዓመት ዝም ብለው ነው የመለሱት።

በደብዳቤው ያለውን አልነግርሽም፤ ለአባት የተጻፈ አስቀድሞ አባት ይስማው። ይህን ያህል ግን እወቂ። ነገሩ የቀረው ኑሮዬ ነው። መልስ የምትጠብቅ አንዲት ሰው አለች። ወንድሞቿም «ይወስን» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። ያለ አባቴ ፈቃድ አላደርገውም። ጥር እስኪያልቅ ጠብቄ ካልሆነ አፍ አውጥቼ «አልተፈቀደልኝም» እላታለሁ። ሰው አንጠልጥሎ ማቆየት ግፍ ነው።

አንባቢ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ለምን እንደሚሞት አላውቅም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ለአስተማሪው ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ለሚጠብቁትም ሰው ሌላ ይፈለግላቸው። እኔ ልቤ አሁን ከዚያ የለም።

አብዱልመናን


ጎንደር፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ኔት እስኪመጣ መጠበቅ አልሆነልኝም። ይህን ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው በፍላሽ ሰጥቼ ከዚያ እንዲልክልኝ ለምኜዋለሁ። እባክዎ የማንንም ልብ ሳይሰብሩ፣ ምንም ሳይወስኑ ይህን ያንብቡ።

አባባ ሐጂ አያዩም።

ከሁለት ዓመት በፊት ጀመራቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም አለን። ዓምና ሙሉ በሙሉ ጠፋ። እርስዎ ሥራዎን ጥለው እንዳይመጡ «ለአብዱልመናን ማንም አይነግርም» ብለው ሁላችንን አስማሉን። እኔን ወላሂ አስብለውኛል። ይኸው ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ። ለከፋራው፣ ለመሐላው ማካካሻ፣ አሥር ሚስኪን አበላለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንባቢን የፈለግሁት ለሳቸው ነው። ፖስታውን የሰጠኋቸው ዕለት ዳስሰው «ምን ይላል ላዩ?» አሉኝ። «ለአባቴ ብቻ ይላል» አልኩ። «ብቻ ካለ ብቻ ነው» አሉ። ላንብብልዎት ብላቸው «የልጄ ምስጢር በልጅ ልጄ አፍ አይነበብም» አሉኝ። አባቴ ያንብበው ብላቸው «እሱማ ለከተማው ያነበዋል» አሉ። የሩቅያን አባት ደግሞ ይህን ጉዳይ ጭራሽ አያሰሟቸውም፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ከዚያ «አንቺ ኮምፒውተር አውቃለሁ ትያለሽ፤ ኮምፒውተሩ ሰው አይደለም፣ አያወራም። እሱ ያንብብልኝ። ያኔ በር ዘግቼ እሰማለሁ» አሉኝ። የእርስዎን ፋይል እስከ ዛሬ አላነበብኩትም። ፖስታውን ይዘው የሚዞሩት እንዳይጠፋባቸው ነው። እንቢታ ነው ያሉት የአባት ዝምታ እንቢታ አይደለም፤ ዓይን ነው።

ትናንት የዐስርን ሶላት ሰግደው ሱቅ መጡ። አባቴ ነው በባጃጅ ያመጣቸው። ተቀመጡና «ምነው ይኼ ማሽን? አንድ ነገር ይልና ጸጥ! እንደ ፈራ ምስክር ነው የሚያደርገው» አሉኝ።

እንዲገባቸው በሰው ነገር አስረዳኋቸው። «አባባ፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ድምፁን በትሪ አድርጎ ያውሰኛል። ሕጉ የተዋሰ ይመልስ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ እንዲያ ተስማምተዋል። የእኔ ፓይተን ድምፁን አሰምቶ ሲያበቃ ትሪውን ወዲያው ይመልሳል፤ ሳልነግረው፣ በራሱ። ሁለተኛውን ልዋስ ስሄድ ግን አንባቢ ይሞታል።»

«ማን ነበር የሠራው?»

«አጎቴ አብዱልመናን።»

«የጦይባ ልጅ?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «የጦይባ ልጅ ሆኖ ትሪ መልሱ ይላል እንዴ! አያትሽ ለሠርግ ያዋሰችውን ትሪ ማንም ተሸክሞ እንዲመልስ አትፈቅድም ነበር። ተውሶ ለሄደ ሰው ደግሞ ሌላ ሸክም አይጨመርበትም፣ ነውር ነው ትል ነበር። በነጋታው ራሷ ቤት ለቤት ዞራ ትሰበስባለች። ትሪውን ማን ይሸከም የነበረ መሰለሽ? እሱ ነው፣ እያለቀሰ!»

አጎቴ፣ ይህን ስሰማ አንድ ነገር መጣልኝ። እርስዎ አንባቢን እንደ እናትዎ ሠርተውት ይሆን? ሁለተኛውን ከመስጠቱ በፊት የመጀመሪያውን ራሱ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ፓይተን ደግሞ አስቀድሞ መልሶት ከነበረ፣ አንዱ ትሪ ሁለት ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። አንባቢ ሊሰበስበው ሲመጣ ትሪው የለም። ከሆነ ፓይተንን እንዴት ልከልክለው? እሱ እንደ ሆነ አይጠይቀኝም።

ሒክማ


ሮተርዳም፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለሒክማ፣

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ ልብሽን ይጠብቅ፣ መሐላሽንም በይቅርታው ይሸፍን።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት መርከብ በሚራገፍበት ድልድይ ላይ ቆሜ ነው። ሥራ አስኪያጄ መጥቶ ዓይኔን አየና «ደህና ነህ?» አለኝ። ነፋሱ ነው አልኩት።

ከሁለት ዓመት ወዲህ አባቴ «ፎቶህን ላክ» ማለት ትተዋል። ረሱኝ ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። ምን ያህል ጅል ነኝ።

ቲኬት ልቆርጥ ተነሥቼ ተውኩት። አሁን ብመጣ ወይም ደውዬ ስለ ዓይናቸው ባነሣ አንቺ መናገርሽን ያውቃሉ። አባቴ ከዓይናቸው በላይ የሚጠብቁት ቃላቸውን ነው፤ ምስጢሬን ለመጠበቅ የሄዱበትን መንገድ እኔ አላፈርስባቸውም። ስለዚህ እስኪነግሩኝ ድረስ የማላውቅ እሆናለሁ። ደብዳቤዬንም አንቺ አታንብቢላቸው። እንዳሉት ብቻቸውን ይስሙት።

አሁን አባቴ ያሉት። እውነት ነው፤ በአላህ ስም እውነት ነው! የትሪው ነገር እስካሁን ትዝ አላለኝም ነበር። መምህሬ «ይህ ከደንቡ ውጭ ነው፤ የተቀበለው ይመልስ» ብለውኝ ተከራክሬያቸው ነበር። ለእኔ የተዋሰውን ሰው መልስ ብሎ ማስቸገር ትክክል አልመሰለኝም። አንባቢን የሚጠራው ሁሉ በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፍኩት የራሴ ፕሮግራም ስለነበር ችግሩ ሳይታይ ቀረ። አንቺ ከሌላ አገር ቋንቋ ጋር ስታገናኚው የቤታችን ልማድ ከዓለም ደንብ ጋር ተጋጨ።

ፓይተንን አትከልክይው፤ አይሰማሽም። ይልቅ ሁለተኛዋን የጋራ መስኮት ተጠቀሚ። ከአንባቢ ድምፅ በተቀበልሽ ቁጥር አንድ ጊዜ «ያዝኩህ» በይው። ያኔ ዕቃው በሁለት ሰው እጅ እንዳለ ይቆጥራል። ፓይተን በራሱ ጊዜ «ለቀቅሁህ» ሲል ያንቺን ብቻ ይቀንሳል፤ የአንባቢ ድርሻ እንዳለ ይቆያል። አንባቢም ዞሮ ሲመጣ ትሪውን በቦታው ያገኘዋል። አንድ መስመር ነው የምትጨምሪው።

ለፈህሚያ፣ ማለት መልስ ለምትጠብቀው ሰው፣ ትንሽ ታገሽኝ ብያታለሁ። ስሟ አመለጠኝ፤ እንዳልሰማሽ ሁኚ።

አጎትሽ አብዱልመናን


ጎንደር፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለምወድዎ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የዘገየሁት ኔት በጥምቀት ሰሞን ጠፍቶ ትናንት ስለተመለሰ ነው። ይህን የምጽፈው እየቸኮልኩ ነው።

ያቺን አንድ መስመር ጨመርኳት። አንባቢ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አነበበ። ሦስተኛውንም። አንድ ሙሉ የጋዜጣ ገጽ ሰጠሁት፤ እስከ መጨረሻው ደረሰ። ክንዱ አጠገቤ ነበር። «አሁን ዝም በለው እንጂ፣ ለምዶበት ሊያድር ነው» አለኝ።

እሑድ ጠዋት ላፕቶፑን ለአባባ ሐጂ ወሰድኩላቸው። አንድ ቁልፍ ላይ ሙጫ ወረቀት ለጠፍኩና በጣታቸው አሳየኋቸው። ሲጫኑት ይጀምራል፣ ደግመው ሲጫኑት ይቆማል። ስክሪኑን አጠፋሁት። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሳደርግላቸው ቆባቸውን አስተካከሉ፤ እንግዳ እንደሚቀበሉ። «ውጭ ውጭ» አሉኝ። በሩን ዘጋሁና እኔና አባቴ ግቢው ውስጥ ቆምን። አባቴ «ምን ጽፎ ይሆን?» ይላል። «ምን አገባህ?» እላለሁ።

ቆዩ። የደብዳቤው ርዝመት ያንን ያህል አልነበረም፤ ደግመው እየሰሙት መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው እርጥብ ነበር። የመጀመሪያ ቃላቸው «እንዴት ያለ ልጅ ነበር! ድምፁ ገና አልጎረነነም» የሚል ነው። ከዚያ «አብዱልባሲጥ፣ አንተ ሂድ ሱቅህን ክፈት። ሒክማ፣ ወረቀት አምጪ» አሉ።

«በኮምፒውተሩ አልጽፍም?» አልኳቸው።

«ምስጢር ሲሆን ማሽን ይሻላል። ደስታ ሲሆን የሰው እጅ ነው የሚሻል» አሉኝ።

የነገሩኝን አንድ ቃል ሳልቀንስ ጻፍኩት። ከዚህ በታች ያለው የሳቸው ነው።

ለልጄ ለአብዱልመናን፣

አላህ ያሳድግህ፣ ያክብርህ። ደብዳቤህን በገዛ ድምፅህ ሰማሁት። መልሱ የዘገየው ተቆጥቼ አይደለም፤ ዓይኔ ከድቶኝ ነው። የደበቅሁህ እኔ ነኝ፣ ማንንም አትውቀስ። ለዚህም ብለህ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ። መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ፤ መስጊድ ስሄድ አብዱልባሲጥን የምመራው እኔ ነኝ።

ሩቅያ ካረፈች በኋላ ፈህሚያ የምትባል የደሴ ልጅ ላግባ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ሩቅያን ከጓደኛዬ ቤት አምጥቼ የሰጠሁህ እኔ ስለሆንኩ ፈርተኸኝ ነው። ልጄ፣ ሰጠሁህ እንጂ አላሰርኩህም። ለአባቷ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ከሌላ ሰው ሰምቶ እንዳያዝን ዛሬ ከዙህር በኋላ አጥሩ ጥግ አጫውተዋለሁ። እሱም ይመርቅሃል፤ አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ። እናታችሁ ስትሞት ሰው ሁሉ «ሐጂ ለጦይባ ብሎ ሳያገባ ቀረ» አለ። ጦይባን እንደ ነፍሴ እወዳት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ከኮላ ድባ አንዲት ደግ ሴት ላነጋግር አስቤ ነበር። እናንተን መጠየቅ ነበረብኝ። አባት ልጆቹን «ላግባ ወይ?» ብሎ በምን አፉ ይጠይቃል? አፈርኩ። ዝም አልኩ። ዝም ስል እሷን ሌላ ሰው አገባት፤ እኔም ብቻዬን አረጀሁ። አንተ እንደኔ አፍረሃል፤ ግን ጽፈሃል። ከእኔ ትሻላለህ።

ስለዚህ አግባ። ነገ ዛሬ ሳትል አግባ። ለወንድሞቿም አባቴ ደስ ብሎት ፈቅዷል በላቸው።

ፈህሚያ ከመጀመሪያ ባሏ አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት ብለሃል። ሁለት ጊዜ አዳመጥኩ፤ ስሟን አልጻፍከውም። ከፈጅር በኋላ ለልጆቼና ለልጅ ልጆቼ በየስማቸው ዱዓ አደርጋለሁ። እሷን ምን ብዬ ልጥራት?

አባትህ ዐብዱረሕማን